የኪንደርዳይክ የነፋስ ወፍጮዎች

በሆላንድ አገር፣ ከሮተርዳም ከተማ በስተምሥራቅ፣ ሌክና ኖርድ የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ኪንደርዳይክ የምትባል መንደር አለች። ወደዚያ የሄድነው በስመ ጥር የነፋስ ወፍጮዎችዋ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከጀልባ ወርደን በግድቡ ላይ በቆምን ጊዜ አስቀድሞ ያስደነቀን ሌላ ነገር ሆነ። በአንድ ወገን መርከብ ያልፋል፤ በሌላው ወገን ላሞች ይግጣሉ፤ ላሞቹ ግን ከመርከቡ በታች ናቸው። በደጋ ላደገ ሰው ወንዝ ከእርሻ በላይ ታግዶ ሲኖር ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ምድሪቱ በቀድሞ ዘመን ረግረግ ነበረች። ሰዎች ለእርሻ ብለው ቦይ እየቈፈሩ ባደረቋት መጠን፣ ውሃው እንደ ተጨመቀ ሰፍነግ እየተኰማተረች ዝቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ውሃው በራሱ ወደ ወንዝ መውረድ አልቻለም። በ1421 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኅዳር ወር የቅድስት ኤልሳቤጥ ጐርፍ የተባለው ማዕበል በጎረቤት ያለውን ሰፊ ምድር አሰጠመ። ስለዚህ ውሃውን ቀንና ሌሊት ወደ ላይ የሚያነሣ መሣሪያ አስፈለገ።

በ1738 ዓ.ም. ከጡብ የተሠሩ 8 ወፍጮዎች ቆሙ፤ በ1740 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጨት የተሠሩ 8 ተጨመሩ። ዛሬ በስፍራው ያሉት በጠቅላላው 19 ናቸው። ወፍጮ የሚለው ስም ከመፍጨት የወጣ ቢሆንም፣ እነዚህ ውሃ ያነሣሉ እንጂ እህል አይፈጩም።

የእንጨቶቹ አሠራር ሊመረመር የሚገባው ነው። ስምንት ታላላቅ ምሰሶዎች ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ይቆሙና በአግዳሚ ተያይዘው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ይሆናሉ፤ ግድግዳውም ከውጭ በሸምበቆ ይለበሳል። በራሱ ላይ የሚዞር ቆብ አለው። ባለወፍጮው ከቆቡ እስከ መሬት የሚደርሰውን የጅራት ግንድ በመዘውር እየሳበ ክንፎቹን ወደ ነፋሱ ያዞራል። አራቱ ክንፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 28 ሜትር ይደርሳሉ። ነፋሱ ደካማ ሲሆን ሸራ ይዘረጋባቸዋል፤ ሲበረታ ሸራው ይጠቀለላል። ክንፎቹ የሚያዞሩት ዘንግ በትልቅ ጥርሳም መንኰራኵር ቀጥ ብሎ የቆመውን ምሰሶ ያዞራል፤ ምሰሶውም ከታች ያለውን ባለ መቅዘፊያ መንኰራኵር ያንቀሳቅሳል። ይህ ነው ውሃውን ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው የሚወረውረው። ፍሬኑ እንኳ በመንኰራኵሩ ዙሪያ የሚጠብቅ የእንጨት ቀለበት ነው። የእንጨት ጥርሶቹ እንዳይፋጩ የንብ ሰም ይቀባሉ። ሰም ለጧፍ ብቻ የተፈጠረ ለሚመስለን ለእኛ ይህ መልካም ትምህርት ነበር!

ባለወፍጮው ከነቤተሰቡ የሚኖረው በዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። ክንፎቹ መሬቱን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው በደጃፉ ፊት ያልፋሉ፤ የተመታ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ በአንደኛው በኩል ክንፉ ሲዞር በሌላው ይወጣል። ልጆቹም ይህን የሚማሩት ከፊደል በፊት ነው። ነፋስ በመንፈቀ ሌሊት ቢነሣ አባት ከመኝታው መነሣት አለበት፤ እርሱ ቢተኛ የሚሰጥመው የራሱ ቤት ብቻ አልነበረምና።

በ1868 ዓ.ም. በእንፋሎት የሚሠሩ ውሃ መሳቢያዎች መጡ። ሆኖም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ በጠፋ ጊዜ አሮጌዎቹ ወፍጮዎች እንደገና ተጠርተው አገሪቱን አገለገሉ። በ1972 ዓ.ም. የበጎ ፈቃድ ባለወፍጮዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1997 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኪንደርዳይክን ወፍጮዎች በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባለወፍጮነትን ሙያ ራሱን መዘገበ። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል፤ የሚያዞረው ያጣ የእንጨት ወፍጮ ቆሞ ይበሰብሳልና።

ክንፎቹ ቆመውም ይናገራሉ። በአብዛኛው የሆላንድ ክፍል ልማድ፣ ላይኛው ክንፍ ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው ቢቆም በቤቱ ደስታ አለ ማለት ነው፤ ጥቂት አልፎ ቢቆም ሐዘን ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከአምስተርዳም የተነሣው የመንገደኞች አውሮፕላን በዩክሬን ሰማይ ተመትቶ 298 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ በብሔራዊው የሐዘን ቀን በየአገሩ ያሉ ወፍጮዎች ክንፋቸውን በሐዘን አቋቋም አቆሙ።