ለተሰበረ ፍሬቻ ማን ይክፈል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለት ተሽከርካሪ ሲነካካ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባጃጁ ጋሪ ሊሸሽ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከመንገድ ዳር ልትወጣ አፍንጫዋን ያስቀደመች ቪትዝ ታገኘዋለች። የቪትዟ ፓራውልት ይሰነጠቃል፣ የባጃጁ ፍሬቻ ይረግፋል። ሾፌሮቹ ወርደው በቅጡ ሳይተያዩ ሰው ይከባቸዋል። ግማሹ «በዚህች ትንሽ ነገር ትራፊክ አትጥሩ፣ ተስማሙና ሂዱ» ይላል፤ ሌላው «ኢንሹራንስ አለህ አይደል፣ ምን አስጨነቀህ» ይላል። ከኋላ የቆሙት ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፋሉ፣ አንዱ ኪሱ ይገባል፣ ነገሩ አለቀ ይባላል። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ሰው ያልተጎዳበት ትንሽ ግጭት በስምምነት ቢያልቅ ይሻላል፤ የገንዘብ ስምምነቱ ቦታ ግን አስፋልቱ አይደለም። መንገድ ላይ ማለቅ ያለበት ምን እንደሆነ መተማመኑ ብቻ ነው። ገንዘቡ የሚነሳው ጉዳቱ ጋራዥ ገብቶ ከታየ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የኢንሹራንሱን ሒሳብ እንየው። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ በ2000 በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ተጀምሮ በ2005 በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ መድን የሚከፍለው ለሌላው ሰው እንጂ የራስን ፓራውልት አያስጠግንም። የራስን የሚያስጠግነው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ዋስትና ነው፤ እሱም ቢሆን ሁለት መስመሮች አሉት። አንደኛው ኤክሰስ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ጉዳት ባለ መኪናው ከኪሱ የሚችለው የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዓመቱን ያለ ክሌም ለጨረሰ ደንበኛ ውሉ ሲታደስ የሚደረገው ቅናሽ ነው። ለማሳያ ቁጥር እናስቀምጥ። ጥገናው 9,000 ብር ቢጠይቅና ኤክሰሱ 5,000 ብር ቢሆን ኩባንያው የሚጨምረው 4,000 ብቻ ነው። ዓመታዊው ክፍያ 40,000፣ ቅናሹ ደግሞ 15 በመቶ ከሆነ ክሌም ያቀረበው ሰው በሚቀጥለው እድሳት 6,000 ብር ያጣል። 4,000 ለመቀበል 6,000 መክፈል ማለት ነው። የየራስን ቁጥር ለማወቅ ፖሊሲውን ከመሳቢያ አውጥቶ እነዚህን ሁለት መስመሮች ማንበብ ይበቃል፤ ይህም መደረግ ያለበት ከግጭቱ በፊት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መኪናም መለዋወጫም የሚገባው በዶላር ነው። መኪናውን በድሮው ዋጋ አንድ ሚሊዮን ብር ብሎ ያስመዘገበና ዛሬ ግን ሁለት ሚሊዮን የምታወጣለት ሰው፣ በመድን መርህ መሠረት ለግማሹ ራሱን በራሱ ዋስ አድርጓል። ኩባንያው ይህን መርህ ከሠራበት የትንሿ ጉዳት ክፍያም በዚያው ልክ ትቀነሳለች፤ ኤክሰሱ ሲነሳላት ምንም ላይተርፍ ይችላል።

ርቀቱም ይታሰብ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በከተማው የማይገኝ ዕቃ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደጀን በኩል ነው የሚመጣው። በክልሉ የትጥቅ ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዕቃውም ገማቹም ይዘገያሉ። የፖሊስ ሪፖርት፣ የክሌም ፎርም፣ የገማች ምልከታ፣ የጋራዦች ፕሮፎርማ፣ ከዚያ ፈቃድ፤ ይህ ሁሉ ለተገለበጠ አይሱዙ ተገቢ ሥራ ነው። ለቀን ገቢ አስገቢ የባጃጅ ሾፌር ግን የቆመበት እያንዳንዱ ቀን ፍሬቻው ከሚያወጣው ይበልጥበታል። ስለዚህ «ተስማሙና ሂዱ» የሚለው ሰው የሚናገረው ይሉኝታ ይዞት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ከእሱ ጋር ነው።

የሚሳሳተው አካሄዱ ላይ ነው። መንገድ ላይ የሚደረገው ድርድር ሁሉ «ማን አጠፋ» በሚል ጩኸት ይጀምራል፣ ድምፁ የጎላው ወይም ሰፈርተኛ ያለው ይረታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለዚህ መልስ አስቀምጧል። በቁጥር 2084 መሠረት ሁለት ባለ ሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ባለቤትም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ይህ የሚቀረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። የቆመ መኪና የገጨ ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ መሸሸጊያ አያገኝም። የኛ ቪትዝና ባጃጅ ግን ሁለቱም እየተንቀሳቀሱ ነበሩ፣ ሁለቱም በቂ አላዩም። የቪትዟ ጉዳት 9,000፣ የባጃጁ 1,000 ከሆነ ድምሩ 10,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ 5,000 ይደርሰዋል። ባለ ባጃጁ የራሱን 1,000 ችሎ 4,000 ለቪትዟ ባለቤት ይሰጣል። የቪትዟ ባለቤት የሚቀርባት 5,000 ነው፤ ያም ልክ የኤክሰሷን ያህል ስለሆነ ኩባንያዋ የሚጨምርላት ሳንቲም የለም። እንዲህ ቁጭ ብሎ ለሚያሰላ ሰው ጩኸት ቦታ የለውም።

9,000 የሚለው ቁጥር ግን ከየት መጣ? ከጋራዥ። ከውጭ ሲያዩት የቪትዟ ጉዳት አንድ ስንጥቅና የባጃጁ ቀለም የተሳለበት ጭረት ነው። «በሁለት ሺህ ትሠራለች» የሚል ሰው እዚያው አይጠፋም። ባለሙያው ፓራውልቱን ሲፈታው ግን ከውስጥ የያዙት ማቀፊያዎች ተሰብረዋል፣ የመብራቱ እግር ተነቅሏል፣ ኮፈኑ ተገፍቶ ሲዘጋ አንዱ ጎን ከፍ ብሎ ይቀራል። በሁለት ሺህ የተጨባበጠው ሰው ማታ ስልክ መደወል ይጀምራል፣ ያኛው አያነሳም፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በተቃራኒውም ደንግጦ አምስት ሺህ ከፍሎ የሄደ ባለ ባጃጅ፣ ጉዳቱ በስቱኮና በቀለም በአንድ ሺህ ብር ማለቁን ቆይቶ ይሰማል።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ወረቀት ጻፍ ማለት ባላገርን አለማመን ነው፣ እኛ የምንኖረው በሽምግልና ነው» የሚለው ነው። ሽምግልናን ግን ያለ ማስረጃ የምናውቀው ከመቼ ወዲህ ነው? በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቾች አላፊ አግዳሚውን አቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ ሆኖም ሙግት ያለ ዋስ አይራመድም ነበር። አባቶች ቃልን ያከበሩት ቃሉን የሚያስይዝ ሰው ስላቆሙ ነው። ዛሬ የከበበው ሰው ጡሩምባው ሲበዛ ይበተናል፤ ነገ ምስክር ቢፈለግ አንዱም አይገኝም። ሁለት ምስክር የፈረመባት ግማሽ ገጽ የዋሱን ቦታ ትይዛለች፣ ሽምግልናውን አትሽርም።

ሁለተኛው «ታዲያ ዓመት ሙሉ የከፈልኩት ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። የተከፈለው ሊሸከሙት ለማይችሉት ነገር ነው። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የሚገዛው ዋስትና ፍሬን እምቢ ያለ ቀን ቤት እንዳይሸጥ ነው። ኤክሰስ የሚባለው መስመር የገባውም ትንሿን ጉዳት ባለቤቱ እንዲችላት ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ከኪስ መክፈል ኩባንያን መጥቀም ሳይሆን ውሉ እንደተጻፈው መኖር ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ድርድር ለደካማው አይመችም የሚለው ነው። እውነት ነው። የባጃጁ ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ እንዳይሰማ ብሎ ከቀን ገቢው ቆርሶ ይከፍላል፣ ሌላው ያንን ፍርሃት ያያል። መፍትሔው ግን ስምምነትን መተው ሳይሆን ዋጋውን ከአስፈራሪው አፍ ማውጣት ነው፤ ግምቱን ጋራዥ ይናገር፣ ድርሻውን ቁጥር 2084 ይናገር። በሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ኃላፊው የተሽከርካሪው ባለቤት ስለሆነም ባለቤቱ ሳያውቅ የተደረገ ክፍያ ለማንም ዋስትና አይሆንም። ያም አልሆን ካለ የባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ አዋጅ 799 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። በዚያ መንገድ ለመሄድ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል።

አራተኛው የኢንሹራንስ ሰዎች የሚያነሱት ነው፦ ፖሊሲዎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትን ማመንና መደራደርን ይከለክላሉ። ልክ ነው፣ ስለዚህም ነው ሁለቱን ደረጃዎች የምለያቸው። የሆነውን መጻፍ ጥፋትን ማመን አይደለም። ከዚያ ለኩባንያው አደጋ መድረሱን ማሳወቅ ክሌም ከማቅረብ የተለየ ነው፤ ነገሩ እየሰፋ ቢመጣ «ለምን አላሳወቅክም» የሚለውን መከራከሪያ ያሳጣቸዋል። ይህን ለማድረግ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ የቀናት ነው፤ «ቆይቼ አያለሁ» አያዋጣም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ ከነበረና «ትንሽ አንገቴን» ያለ ሰው ካለ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ፣ ወደ ሕክምናና ወደ ፖሊስ ነው። የአካል ጉዳት በዕለቱ ልኩ አይታወቅም፤ በሕጉ ቁጥር 3312 ደግሞ በግልግል የተዘጋ ጉዳይ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ፓራውልትን ለመዝጋት ይህ ኃይል ግሩም ነው፣ በሰው አካል ላይ ግን አደገኛ ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? መኪኖቹ እንዳሉ ፎቶ ይነሱ፤ ሰሌዳው፣ ጎማው የዞረበት አቅጣጫ፣ የመንገዱ መስመር ይታይ። ከዚያ አንድ ወረቀት፦ «በዚህ ቀንና ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ ይህ ሰሌዳና ያ ሰሌዳ ተነካክተዋል። ሰው አልተጎዳም። የሚታየው ጉዳት ይህ ነው። ጉዳቱ ጋራዥ ታይቶ እንነጋገራለን።» ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። በማግስቱ ሁለቱ ሰዎች፣ ባለቤቶቹ ባሉበት፣ ከጋራዡ ግምት ጋር ሁለተኛውን ይጽፋሉ፦ «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ከዚህ ግጭት በደረሰው የንብረት ጉዳት ሌላ ጥያቄ የለኝም።» መስማማት ካልቻሉ የመጀመሪያው ወረቀት ለክሌሙም ለፍርድ ቤቱም ያገለግላል፤ የባከነ ነገር የለም።

ይህ ከኔ የመነጨ ብልሃት አይደለም። በፈረንሳይ ሾፌሮች እንዲህ ያለውን ቅጽ መኪናቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ ሲጋጩ አብረው ሞልተው፣ ንድፉን ሥለው፣ ፈርመው፣ ቅጂ ቅጂያቸውን ለየኢንሹራንሳቸው ይልካሉ። ቅጹ የሚጠይቀው ማንነትንና የሆነውን ብቻ ነው፤ መፈረሙም ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። እኛ ዘንድ የመድን ኩባንያዎች በየዓመቱ ውል ሲያድሱ አንድ ገጽ የአማርኛ ቅጽ አብረው ቢሰጡና የትራፊክ ፖሊስ ሰው ላልተጎዳበት ግጭት ቢቀበለው ወጪው የወረቀት ነው። እስከዚያ ድረስ ቅጹን በእጃችን ጽፈን ኮፒ አድርገን ከሊብሬው ጎን ማስቀመጥ የሚከለክለን የለም።