ኳሱ ባነሩ ሥር ነው

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ኳስ የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ስክሪን ያውቃል። አንደኛው ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ነው። ከፍለህ ትገባለህ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀህ ትቀመጣለህ፤ ሥዕሉ ግን ንጹሕ ነው። ጥግ ላይ ውጤትና ሰዓት፣ የቀረው ሁሉ ሜዳ። ሁለተኛው በተከራየህበት ቤት ያለው የነጻ ዲሽ ነው። እዚያ ኳሱ ወደ ታችኛው መስመር ሲወርድ ይሰወርብሃል። ከሥር ዜና ይሮጣል፣ ከዜናው በላይ የስፖንሰር ባነር ተጋድሟል፣ ከባነሩ አጠገብ «ኦኬ ብለው ወደዚህ ቁጥር ይላኩ» የሚል አለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የዩቲዩብ ደወል እየተንቀጠቀጠ ብቅ ይላል። ኮርና ሲመታ ቤቱ ሁሉ አንገቱን ያዘነብላል፤ አንገት ቢያዘነብሉ ከባነሩ ኋላ የሚታይ ይመስል።

ማስታወቂያ ጠልቼ አይደለም። ማስታወቂያ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመሐሉ ሻይ ይጣዳል። እኔን ያስመረረኝ ፕሮግራሙ ላይ ተደርቦ የሚያዘኝ ነው፦ ላክ፣ ደውል፣ ስካን አድርግ፣ ሰብስክራይብ አድርግ። ቁጭ ብለህ ለማየት የከፈትከው ነገር አንተኑ ሥራ ሲያዝህ ያመሻል።

ብዙ ሰው «ከሪሞቱ ላይ ማጥፊያው የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ማጥፊያ የለውም። ለምን እንደሌለው ማወቅ ደግሞ የዚህ ጉዳይ ግማሹ ነው። የሪሲቨርህን ድምፅ ስትጨምር በስክሪኑ ላይ የምትመጣውን መስመር አስባት። እሷን የሚሥላት እዚያው ቤትህ ያለው ሪሲቨር ነው፤ ስለዚህ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። «ሲግናል የለም» የሚለውም እንደዚያው። ባነሩና አጭር ቁጥሩ ግን የተሣሉት ጣቢያው ውስጥ ነው። ማስተር ኮንትሮል የሚባለው ክፍል ውስጥ ግራፊክሱ ከሥዕሉ ጋር ይዋሃዳል፣ አንድ ላይ ይጨመቃል፣ ሳተላይት ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ጅማ ሲደርስ ተጫዋቹና ባነሩ ያው አንድ ሥዕል ናቸው፤ ሪሲቨሩ የቱ ሣር የቱ ጽሑፍ እንደሆነ አይለይም። የተቀቀለ ሽሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ጨው የሚያወጣ የለም።

በሌላው ዓለም ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2001 የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ላይ ተመልካቹ በሪሞቱ ቀይ ቁልፍ የፈለገውን ጨዋታ እንዲመርጥ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ጊዜ በዚያው ቁልፍ እስከ 24 ተጨማሪ ሥርጭት ይገኝ ነበር። «ቀዩን ይጫኑ» የሚለው ምልክት ስክሪን ጥግ ላይ ይወጣል፤ እሱም ቢሆን የሚረብሸው ሰው ነበር። ነገር ግን ምልክቱ ከሥዕሉ ተነጥሎ በዳታ የሚላክ፣ የተመልካቹ ሪሲቨር የሚሥለው ነው። ስለዚህ በምድር ዲጂታል ሥርጭት የሚያየው ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫን ምልክቱ ይጠፋለት ነበር። አየህ ልዩነቱን? ጥያቄው ይቀርብልሃል፣ «አልፈልግም» ትላለህ፣ ዞር ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቢቢሲ በዚያው ቀይ ቁልፍ የሚገኘውን የጽሑፍ አገልግሎት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አቆየው። ያስቆመው የዓይነ ስውራን ማኅበር ያሰባሰበው አቤቱታ ነው። ለእኛ ኮተት የሚመስለን ነገር ኢንተርኔት ለማይጠቀም ሰው ብቸኛው የዜና በር ሊሆን ይችላል። እኔም ተመልካቹ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ይዘጋ አላልኩም። የምለው ሥዕሉን አይሸፍንብኝ ነው።

ወደ እኛው እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የሳተላይት መድረክ ሲመጣ የጅማ ዲሽ ሠሪዎች ዕረፍት አልነበራቸውም፤ በየጣሪያው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ያይ የነበረ ሳህን ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ አዞረ። ሥዕሉ ጠራ፣ ጣቢያው በዛ። መንገዱ ግን እንደ ድሮው የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ከሰማይ ይወርዳል እንጂ ከጣሪያችን ወደ ጣቢያው የሚወጣ ነገር የለም። መመለሻው መንገድ ስልካችን ሆነ። አጭር ቁጥር እንዲህ የገነነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሕዳሴው ግድብ «ኤ ብለው ወደ 8100 ይላኩ» ሲባል ማን ተከፋ? እኔም ልኬአለሁ፣ ዕጣውም ሳይወጣልኝ ቀርቷል፤ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ይበቃኛል። ለዘፈን ውድድር ድምፅ መስጠትም ቢሆን የራሱ ደስታ አለው። ችግሩ የስክሪኑ የታችኛው ክፍል አንዴ የቁጥር ቦታ ሆኖ ከተለመደ በኋላ ባዶውን ማደር አለመቻሉ ነው። ግድብ ሲወጣ ሎተሪ ይገባል፣ ሎተሪ ሲወጣ የጤና ምክር፣ ከዚያ የኳስ ውጤት በመልእክት፣ ከዚያ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር።

ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት አማርኛውን መስማት እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ስክሪኑን የምታነብላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይሄ ካርድ ምን ይበላዋል? ሳልደውልበት ያልቃል» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከፍቼ ሳይ በየቀኑ የሚመጣ መልእክት፣ በየቀኑ የሚቆረጥ ገንዘብ። ሕፃኗ ከቴሌቪዥን ላይ አይታ «ኦኬ» ልካለች። «እማማ፣ ስቶፕ ብለን እንላክለት» አልኳቸው። «መጀመሪያ ማን ጠራው?» አሉኝ። ቴሌቪዥኑ ነው የጠራው። «ላኩ» የሚለው በትልቅ ቢጫ ፊደል ነበር፤ ዋጋውና ማቋረጫው ከሥር፣ አጉሊ መነጽር በሚጠይቅ ፊደል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ እዚህ መጥራት አያስፈልገኝም፤ ሪሞት ያለው ሰው ዞር ዞር ቢል ራሱ ያገኘዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። በዜና ሰዓት በስክሪኑ ጥግ በምትታየው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ላይ የሚደርሰው ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ዜናው ማለት እጇ ነው። ባነር ሲወጣ እጇ ወገብ ላይ ይቆረጣል። እኛ ኳሱ ለሁለት ሰከንድ ቢሰወርብን እንጮኻለን፤ ያ ሰው ግን ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተቋርጦበት ቀጣዩን ይጠብቃል። የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልምም እንደዚያው ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጥቶ ብዙ ቤት ከግርጌ ጽሑፍ ገላገለ፤ የቀሩት ፊልሞች ላይ ግን ባነሩ የሚያርፈው ልክ ገጸ ባሕሪው የሚናገረው በተጻፈበት ቦታ ላይ ነው።

ጣቢያዎቹ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። የቢራ ፋብሪካዎች ትልልቅ ከፋዮች ነበሩ፤ አዋጁን ደግፌዋለሁ፣ አሁንም እደግፈዋለሁ፣ ግን የጣቢያዎቹን ኪስ እንዳሳሳ አይካድም። አንድ ትልቅ ከፋይ ሲጎድል ስክሪኑን እየቆራረጡ ለብዙ ትናንሽ ከፋዮች መሸጥ እንደሚቀል እገምታለሁ። ደመወዝ መክፈል ያለበትን ሥራ አስኪያጅ አልፈርድበትም። ያም ሆኖ ያ አዋጅ አንድ ነገር አሳይቶናል፦ ከስክሪን አይወጣም የተባለ ነገር መስመር ሲሰመርለት ይወጣል።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ነገር ነው ይህን ሐሳብ ያጠናከረልኝ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ሲያነሣ አገር ምድሩ አብዷል። በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት ሊጉን ማስተላለፍ ሲጀምር ደግሞ ከተማችን ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበረች፤ የገዛ ሜዳችንን በዲኤስቲቪ አየነው። የእኛው ተጫዋች፣ የእኛው ጭቃ፣ ግን ሥዕሉን የሚሸፍን የለም። ንጹሕ ሥዕል ማውጣት የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ልዩነቱ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በየወሩ መክፈል የሚችል ሙሉውን ሜዳ ያያል፤ የማይችለው የሜዳውን የታችኛውን ክፍል እየሰጠ ያያል፣ በዚያ ላይ ካርዱ ይቆረጥበታል።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ቁጥሩ ይውጣ፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆይ፣ ይግባ። ጨዋታ በሚካሄድበት ሰዓት ሳይሆን ኳስ ሲወጣ ወይም በዕረፍት ይሁን። አስተርጓሚዋ ያለችበት ጥግና የግርጌ ጽሑፍ የሚያርፍበት መስመር አይነካ። «ላኩ» የተጻፈበት ፊደል ያህል ዋጋውም ማቋረጫውም ይጻፍ፤ ጅማ ላይ ከሆነ ደግሞ በኦሮምኛም ጭምር። ይህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማስተር ኮንትሮል የተቀመጠው ልጅ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ማንሣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ የሚያነሣው ግን አለቃው ሲፈቅድለት ነው።

ለአለቃው የሚቀርብ ማስረጃ ደግሞ እዚሁ ሊሠራ ይችላል። ኪቶ ፉርዲሳ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው፤ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች በየዓመቱ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲያድኑ አያለሁ። ፍላሽ ላይ የሚቀዳ ሪሲቨር ጅማ መርካቶ ይሸጣል። ከነጻ ጣቢያዎች አንዳንድ የምሽት ሰዓት ቀድታችሁ ከስክሪኑ ስንት እጁ፣ ለስንት ደቂቃ በጽሑፍና በባነር እንደተሸፈነ የሚለካ ፕሮግራም ጻፉ። አስተርጓሚዋ የተቆረጠችባቸውን ደቂቃዎች ለብቻ ቁጠሩ። የጣቢያ ስም ሳይሸፈን ውጤቱን አውጡት፤ ለማሳተሚያው አንድ ሁለት ሺህ ብር ከጎደላችሁ ፈልጉኝ፣ ከአጭር ቁጥር ያተረፍኩትን እሰጣችኋለሁ።