የተዳፈነ ፍም በሐረና ደን

ከጎባ ተነሥተን፣ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ሪራ ቁልቁል ስንወርድ፣ የሐረና ደን ጉም ተቀበለን። በመጀመሪያ አስታው፣ ዝቅ ሲል አምጃውና ኮሶው ይታያል። ግንዶቹ ሁሉ ሳረንስት ለብሰዋል፤ በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን ያን ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅ።

ለዕረፍት ስንቆም ለሻይ እሳት አነደድን። ለመነሣት ተጣድፈን ፍሙን አፈር አለበስነውና ጠፋ አልን። አብረውን የነበሩ አንድ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ግን አፈሩን በእንጨት ገለጡት፤ ፍሙ እንደ ቀላ ነበር። «ባለቤቴ ማታ እንዲህ አዳፍናው ታድራለች፤ ጠዋት ቡና ታፈላበታለች» አሉን። አፈርን፤ የኮዳችንንም ውሃ አፈሰስንበት።

እርሳቸው የ1992 ዓ.ም. ቃጠሎን ያስታውሳሉ። በዚያ በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው የደን እሳት ለሳምንታት ነደደ። ወታደሩ፣ ተማሪውና ገበሬው በአንድነት ተዋጉት፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጥተው ረዱ።

ሳረንስት እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። በበጋ ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ጠል ሲነካው ወዲያው ይለመልማል። ድርቅን የቻለው ይህ ዕፅ እሳትን ግን አይችልም፤ በደረቀ ጊዜ እንደ ጭድ ይቀጣጠላል።

ከቃጠሎ በኋላ ስፖር የሚባሉ፣ ከዱቄት የደቀቁ ብናኞች በነፋስ ተጉዘው አመዱ ላይ ያርፋሉ። በብዙ የዓለም ክፍል በተቃጠለ መሬት ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ፉናሪያ የተባለው የሳረንስት ዓይነት ነው። እርጥበት ካገኘ ባዶውን መሬት ሸፍኖ አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል። አስታውም ከግንዱ ግርጌ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ይህ ግን የቅድሚያ ዘብ እንጂ ዋናው ጦር አይደለም። ግንድ የሚያለብሰው ሳረንስት የሚመለሰው ዛፉ አድጎ፣ ቅርፊቱ ሻክሮ፣ ጥላና ጉም ሲያገኝ ነው። በአንድ ቀን የነደደውን ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ እኩሌታ ላይበቃ ይችላል።

እነዚህ ተራሮች ዋቤ ሸበሌን፣ ወይብንና ገናሌን ይመግባሉ። ጉሙን እንደ ሰፍነግ ይዞ በጠብታ የሚለቀው ሳረንስት ሲጠፋ፣ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፎ ይሄዳል፤ በበጋ እንስራ ተሸክማ ምንጭ የምትወርደው እኅታችንም ጉድለቱን ታውቀዋለች።

ውድ አንባቢያን፣ በቤት የተዳፈነ ፍም በረከት ነው፤ በደን የተዳፈነ ፍም ግን ጠላት ነው። ከሰፈርንበት ስንነሣ ውሃ አፍስሰን፣ በእጃችን ዳስሰን፣ መቀዝቀዙን አረጋግጠን እንሂድ።