መዳፍ ወደ ላይ

እጁ የረጠበ ወይም ሊጥ የነካ ሰው ሰላም ሲሉት ምን ያደርጋል? ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ይሰጣል። እኛ አበሾች አንጓን የምናስታውሰው እንግዲህ ያኔ ብቻ ነው። ቁልፍ የሚያዞረው፣ ጀበና የሚያዘነብለው፣ እንጀራ ቆርሶ ወጥ የሚያጠቅሰው እሱ መሆኑን ለማወቅ አንዴ መሰበር ያስፈልጋል። እኔም ክረምት ላይ እርጥብ ደረጃ አንሸራቶኝ አወቅሁት። ቀኝ እጄ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት፣ ልክ አንጓው ጋ። ስድስት ሳምንት ጀሶ!

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጀሶው ነው። ይፈርሙበታል፣ ይቀልዱበታል። ከተፈታ በኋላ ስላለው ግን ማንም አይነግራችሁም። ከውስጥ የወጣው የሌላ ሰው እጅ ነበር፦ የቀጠነ፣ ቆዳው የሚላላጥ፣ እንደ ዘነዘና የደረቀ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አየና «አጥንቱ ይዟል። ከዚህ በኋላ ሥራው ያንተ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጓ አንድ ማጠፊያ አይደለም፤ ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች ጫፍ ላይ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች ተደርድረው በጅማት ተሳስረዋል። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ዙሪያው ይኮማተራል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻም ይከሳል። አጥንቱ በስድስት ሳምንት ሊይዝ ይችላል፤ የመጨበጥ ጉልበት ግን ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ዓመት።

እማዬ ይህን አልተቀበለችም። «ወጌሻ ይይህና በአንድ ቀን ያፍታታህ» አለች። የሰፈራችን እናቶችም በስልክ አገዟት። በስልክ ያልኩት ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ስለተበተነ ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን የተሰበረውን ያቆመ እሱ ነው። ነገር ግን ሐኪሞቻችን ደጋግመው ያዩት ጉድ አለ፦ አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ዘግቶ፣ በስብራት የጀመረው በመቆረጥ ያልቃል። ገና የያዘን አጥንት በኃይል ማሸትና መጠምዘዝም አደጋ ነው። ከእማዬ ጋር በሽምግልና ጨረስን፦ ቅቤውን ትቀባኛለች፣ መጠምዘዙ ይቀራል።

በሳምንት ሁለት ቀን ቂርቆስ ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ለፊዚዮቴራፒ መመላለስ ጀመርኩ። ባለሙያዋ ያዘዘችኝ ግን የቤት ዕቃ ነበር። እጅን ለብ ባለ ውሃ መንከር። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መዳፍን ከጠርዙ አሳልፎ ቀስ እያሉ ማንሳትና ማውረድ፣ አሥር ጊዜ። ሁለት መዳፍን እንደ ጸሎት አጋጥሞ ክርንን ወደ ውጭ መክፈት። በካልሲ የተሠራ ኳስ መጭመቅ (የሰፈር ኳሳችን ለዚህም ይሆናል ብሎ ማን አሰበ!)። ጭልፋ ጨብጦ መዳፍን ማገላበጥ። ቆይቶም ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ሕጓ አጭር ነበር፦ ሲለጠጥ የሚሰማ ቀላል ሕመም ደህና ነው፤ አድሮ እብጠት የሚያመጣ ሕመም ግን «በዛ» ማለት ነው። ጣት ከደነዘዘ፣ ወይም እጅ አብጦ እያቃጠለ ቀለሙ ከተለወጠ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ።

ከሁሉም ግትሩ መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ነበር። ወያላው መልስ ሲሰጠኝ ሳንቲሙ ይሾልካል። «ብራዘር፣ እጅህን ዘርጋ እንጂ!»

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ የማወጣው እኔ ነበርኩ። እጄ ታስሮ ሳለ እማዬ በስልሳ ምናምን ዓመቷ ግማሽ ግማሽ እያደረገች፣ በየደረጃው እያረፈች አወጣችው። ካዛንቺስ ብንሆን የጎረቤት ልጅ ነጥቋት ይሮጥ ነበር። እዚህ የማንን በር እናንኳኳ? የሰፈሩ ስም የመጣው ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው ይባላል። ወደ ክሊኒኩ ሳልፍ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል፤ የማውቀው ደጃፍ ግን የለም። መንገድ በወራት ይሠራል፤ ጉርብትና እንደ ጅማት ነው፣ የሚፍታታው ቀስ ብሎ ነው።

ሲሰለቸኝ አበበ ቢቂላን አስብ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መጀመሪያ ላይ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተስኖት ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክሞ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ቀስት መሳብን ከሀ ብሎ ከጀመረ፣ እኔን ጭልፋ ማገላበጥ ምን ያሳፍረኛል?

ጀሶው ከተፈታ አምስተኛ ወሩ ነው። ሙሉ ጀሪካን ገና ነው፤ ግማሹን ግን በቀኝ እጄ ሦስተኛ ፎቅ አደርሳለሁ። ባለፈው የውሃ ቀን ከታችኛው ፎቅ አንድ ልጅ «ልያዝልህ?» አለኝ። ሰጠሁት፤ ስሙንም ጠየቅሁት።

ጀሶ የፈታችሁ ሁሉ፣ አሥሯን መቁጠር እንዳትረሱ። ቸር ይግጠመን!