በሳንጃ ቆላ የጓሮ ኩሬን ስለ መጠበቅ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ትክል ድንጋይን ካለፈ በኋላ አየሩ እየሞቀ፥ የዛፉና የምድሩም መልክ እየተለወጠ መሄዱን ያያል። 65 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከሳንጃ ይደርሳል። አገሩ ማሽላ፥ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ ነው። የአርማጭሆ ሕዝብም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን በአርበኝነት ስሙን ያስጠራ ነው። መንገዱ በዚህ አያበቃም፤ ቆላውን እየሰነጠቀ ወደ ሁመራ ይቀጥላል።

በደጋ የኖረ ሰው ውኃን እንደ ተራ ነገር ያያታል፤ ወደ ቆላ የወረደ ጊዜ ግን ክብሯን ያውቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐዩ ሲበረታ፥ ወንዙም ሲጎድል፥ በግቢው ውስጥ ጥቂት ውኃ ያጠራቀመ ሰው እንደ ባለጸጋ ይቆጠራል። ስለዚህ ከጉድጓድ ውኃ አጠገብ በድንጋይና በሲሚንቶ ትንሽ ኩሬ ሠርቶ፥ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ጨምሮ፥ ለዓይን ደስታ ለማዕድም ረድኤት እንዲሆነው የሚጠብቅ የቤት ጌታ ቢገኝ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ኩሬ መቆፈር የአንድ ሳምንት ሥራ ሲሆን፥ ኩሬን መጠበቅ የዘወትር ሥራ ነው። ውኃው በተሞላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ መልበስ ይጀምራልና።

ሣርና ዕፅዋት የማክሰኞ፥ ዓሣም የሐሙስ ፍጥረት መሆኑን መምህሮቻችን አስተምረውናል። ወደ እንዲህ ያለው ኩሬ ቀርቦ ለተመለከተ ሰው የማክሰኞው ፍጥረት የሐሙሱን ሊያፍነው ሲታገል ይታየዋል፤ የዓርብ ፍጥረት የሆነው ሰው በመካከል ገብቶ ካላስታረቃቸውም ድሉ የማክሰኞው ይሆናል።

ይህ አረንጓዴ በሁለት ዓይነት ይታያል። አንደኛው እጅግ ደቃቅ ሆኖ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ፥ ውኃውንም የጎመን ቅቅል የሚያስመስል ነው። ሁለተኛው እንደ ጸጉር በረዥሙ እየተሳበ ድንጋዩን የሚይዝ፥ ኋላም ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ጋቢ ኩሬውን የሚያለብስ ክር ነው። የሳይንስ ሊቃውንት ሁለቱንም አልጌ ይሏቸዋል፤ እኛ ግን ለመለየት እንዲመቸን ሁለተኛውን በዚህ ጽሑፍ የውኃ ጸጉር እንበለው። ፊተኛው በልክ የሆነ እንደ ሆነ ጠላት አይደለም፤ ቀረሶ እርሱን እየተመገበ ያድጋልና። ልኩንም ለማወቅ ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ውኃው ማውረድ ነው። ሳህኑ አንድ ስንዝር ሳይወርድ ከዓይን የተሰወረ እንደ ሆነ አረንጓዴው ከልክ አልፏል። ከስንዝር ጥቂት አልፎ የተሰወረ እንደ ሆነ ግን ለዓሣው የተዘጋጀ ማዕድ ነውና መተው ይገባል።

አልጌን የሚያበዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ብርሃን፥ ሙቀትና ምግብ ናቸው። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚባሉት ሲሆኑ፥ ከከብት እበት፥ ከዓሣው ኩስ፥ ተርፎ ከበሰበሰ ፍርፋሪ፥ ክረምት በጎርፍ ከሚያወርደው አፈርና ከማዳበሪያ ይመጣሉ። በሳንጃ ብርሃኑና ሙቀቱ ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለ ሆኑ ሰው ሊያስቀራቸው አይችልም፤ በጥላ ሊያበርዳቸው ግን ይችላል። ምግቡን መቀነስ ደግሞ ፈጽሞ በእጁ ነው።

የዚህ ነገር ክፋት ከመልክ ማስጠላት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ለውኃው ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። ውኃም በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፥ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7 ከግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ አልጌ በበዛበት የቆላ ኩሬ የጭንቁ ሰዓት ጎሕ ሲቀድ ነው። ማታ በደኅና የነበሩ ዓሦች በማለዳ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ ሲያለከልኩ የታዩ እንደ ሆነ የጎረቤት ዓይን በላቸው ማለት ከንቱ ነው፤ የታፈኑት በገዛ ኩሬአቸው አረንጓዴ ነው። በዚያን ጊዜ ንጹሕ ውኃ ከከፍታ እያንቆረቆሩ መጨመር ለጊዜው ነፍሳቸውን ያተርፋል።

በሳንጃ አንድ ሽማግሌ የቤት ጌታ ስለ ኩሬአቸው ሲያጫውቱኝ፥ «ጌታዬ፥ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠን ብንበትንበት ቀንድ አውጣውም ይህም አረንጓዴ አብሮ አይጠፋምን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ «አባቴ፥ ቀንድ አውጣውስ ይሞታል፤ ነገር ግን ዓሣውም አብሮ ይሞታል» አልኋቸው። ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበርና፥ «እንግዲያውስ ዓሣውን ከጨረስን በኋላ ኩሬውን የምናጠራው ለማን ነው?» አሉ። ነገሩን ከዚህ ይልቅ አሳጥሮ የሚናገር አይገኝም።

የሽማግሌው አሳብ ግን ያለ መሠረት የመጣ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምር ጀመሩ። የእንዶድ ፍሬም የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዱ። ስለዚሁም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ያው መድኃኒት ዓሣን ይገድላል። ዓሣ አጥማጆች ዓሣን ለማደንዘዝ የሚወቅጡት የብርብራ ፍሬም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እንዶድም ብርብራም ከዓሣ ኩሬ ሊርቁ ይገባል። የመዳብ ሰልፌት የሚባለው ሰማያዊ መድኃኒትም አልጌን ቢገድልም መጠኑ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ዓሣን ይፈጃል። መጠኑ የቀና እንኳ ቢሆን፥ በአንድ ጊዜ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ስለ ቀንድ አውጣው ያነሣሁት ለሳንጃ ወላጆች ነገሩ የሞትና የሕይወት ነገር ስለ ሆነ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር በሳንጃ አካባቢ የአንጀት ብልሃርዝያ በተማሪዎች ላይ እጅግ ተስፋፍቶ መገኘቱን አሳይቷል። በሽታው የሚተላለፈው እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው እንቁላል ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ወደ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃው ውስጥ ባዶ እግሩን በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። የበሰለ ዓሣ በመብላት አይያዝም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደ ተባለ፥ በኩሬና በወንዝ ዳር ዓሣ ሲጎረጉር የሚውል ሕፃን ግን ከዘንዶ የማይሻል ትል ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቀንድ አውጣም የሚኖረውና የሚመገበው በዚሁ በለመለመው አረንጓዴና በበሰበሰው ቅጠል መካከል ነው። የንዳድ ትንኝ እጭም ዓሣው እንዳይለቅመው በውኃ ጸጉር ውስጥ ይሸሸጋል። እንግዲህ ኩሬን ማጥራት ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ሳይሆን ቤተሰብን መጠበቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህም የሚታመን ለመሆኑ የሌላ አገር ምስክር አለ። በሴኔጋል አገር ሰዎች ውኃ ከሚቀዱባቸው ሥፍራዎች የውኃ ውስጥ ተክል እየተነቀለ ሲወጣ ቀንድ አውጣው እንደ ቀነሰ፥ የታከሙ ሕፃናትም በብልሃርዝያ እንደ ገና መያዛቸው እንዳነሰ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስረድቷል። የተነቀለውም ተክል ለእርሻ ብስባሽና ለከብት መኖ ሆኗል። በአንድ ድካም ሁለት በረከት ማለት ይህ ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በተራ እናስረዳ። መጀመሪያ ምግቡን መከልከል ነው። ከኩሬው ዙሪያ ትንሽ ካብ መካብና ቦይ መቅደድ ጎርፍ እበትና አፈር ይዞ እንዳይገባ ያደርጋል። ከብትም ሰውም በአጠገቡ እንዳይጸዳዳ መከልከል ለአልጌም ለብልሃርዝያም አንድ መድኃኒት ነው። ለዓሣው የሚጣለው ፍርፋሪ በጥቂት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን፤ የተረፈው የአልጌ ቀለብ ነውና። ቀረሶም ፈጥኖ የሚራባ ስለ ሆነ የበዛውን እያወጡ መብላት የኩሬውን ሸክም ያቃልላል።

ሁለተኛው ጥላ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ኩሬ ፈጥኖ አይሞቅም፤ ብርሃንም እስከ ታች ዘልቆ አይገባበትም። ከላዩም የኩሬው እኩሌታ ያህል እንዲጠለል ዳስ ሠርቶ ቅል ወይም ዱባ ማሳደግ ለቤት እመቤቲቱም ይጠቅማታል። ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ ግን ከኩሬው ጥቂት ይራቅ፤ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስ መልሶ የአልጌ ምግብ ይሆናልና። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ለመጨመር የሚያስብ ሰው እንቦጭን አበባው አምሮት እንዳያስገባ እጅግ ይጠንቀቅ። እንቦጭ በጣና ሐይቅ መታየቱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታወቀ ወዲህ፥ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ በእጁ እየነቀለ ቢያወጣውም ስንት መከራ እንዳመጣ ሁላችን አይተናል።

ሦስተኛው የውኃ ጸጉሩን በእጅ ሥራ ማውጣት ነው። ሻካራ ረዥም ዘንግ ወይም መንሽ ከዳር ሆኖ ወደ ውኃው ማግባትና እንደ ፈትል እየጠቀለሉ መሳብ ይበቃል። ሠራተኛው በባዶ እግሩ ወደ ውኃው አይግባ፤ ቢቻል ቦቲ ጫማና ጓንት ያድርግ። የወጣውን ለጥቂት ጊዜ በኩሬው ዳር ማቆየት የተያዙ ትናንሽ ዓሦች ካሉ ለቅሞ ለመመለስ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ከኩሬው አርቆ ለአትክልት ብስባሽ ማድረግ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ከመንቀል ይልቅ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ይሻላል። ውኃውን ድንገት ማናወጥ የታችኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ዓሣውን ያስጨንቃልና።

አራተኛው ውኃን ማደስ ነው። በጎንደር በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ጥምቀተ ባሕር በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በመጣ ውኃ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላም ይለቀቃል። ዓሣ ያለበት ኩሬ ግን ጨርሶ ሊለቀቅ አይገባውም፤ ከታች ዝቃጩን ጨምሮ ሩቡን ቀድቶ ለጓሮ አትክልት ማጠጣትና በምትኩ አዲስ ውኃ መሙላት ይበቃል። በከተማ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ክሎሪን ያለበት እንደ ሆነ ዓሣን ስለሚጎዳ በበርሜል አንድ ሁለት ቀን ከፍቶ ማቆየት ነው።

በእንግሊዝ አገር የገብስ ጭድ በመረብ ቋጥሮ በኩሬ ማኖር ተሞክሯል። ጭዱ በብርሃንና በሚንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ ለብዙ ሳምንት ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ይከለክላል፤ የበቀለውን ግን አይገድልም፤ በሁሉም ሥፍራ ያገለግላል ማለትም አይቻልም። ከወገራ ደጋ የገብስ ጭድ ያስመጣ ሰው ሊሞክረው ቢፈልግ ጥቂት ብቻ ይጨምር፤ የበዛ ጭድ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይሻማልና። ከጭድም ከመድኃኒትም ይልቅ ጥላ፥ ልክና ትጋት የታመኑ ናቸው።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ምክር እጨምራለሁ። ሕፃናት ዓሣውን ከዳር ሆነው ይመልከቱ፤ ለመጋቢነቱም ሥራ ተራ ይሰጣቸው፤ ወደ ውኃው ግን አይግቡ። የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የታየበት ልጅም ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ለብልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል የሚባል የታወቀ መድኃኒት አለና። ሹም ግዛቱን፥ ካህን ደብሩን ዘወትር እየጎበኘ እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ የቤት ጌታም ኩሬውን በየማለዳው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያየው እንደ ሆነ፥ በቆላው ሐሩር መካከል ጥሩ ውኃ፥ ደኅና ዓሣና ጤነኛ ልጆች ይኖሩታል።