ስለ አሮጌ ብስክሌትና በውስጡ ስለ ተሰወረው ጎሚኒ

ዕቃ ሲያረጅ ጕዳቱ ሁሉ በዓይን የሚታይ አይደለም። የዛገ ብረትና የተቀደደ ጎማ ለሁሉ ይገለጣል፤ በቱቦ ውስጥ ተሰውሮ የሚያረጀው ግን ባለቤቱን እስኪያደክመው ድረስ አይታወቅም። ነገሩ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፣ በዘመዶቻችን ቤት የሆነውን እንጽፋለን።

የእኅታችን ልጅ ከጋፋት ማዶ ካለው መንደር ደብረ ታቦር ወዳለው ትምህርት ቤት የሚመላለስበት፣ ከባሕር ዳር ተገዝቶ የመጣ አሮጌ የተራራ ብስክሌት አለው። መንገዱ በእግር ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ባለፈው ክረምት መግቢያ የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ የኮረኮንቹም ምታት ሁሉ በልጁ የእጅ አንጓ ላይ ያርፍ ጀመር። እናቱ «ልጄን ሳይጥልብኝ ለቁራሌው ይሰጥ» ብላ ቈረጠች። ልጁ ግን «ጋሼ፣ ብስክሌቱ ከሄደ በየቀኑ ማርፈዴ ነው» ሲል ለመነን። እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት የምንኖር ነንና፣ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንዳይሰጥ ለምደናል፤ ስለዚህ ሹካው አስቀድሞ ይመርመር አልን።

እንዲህ ያለው ሹካ የመጣበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ አገር ማኒቱ የተባለውን ሹካ የሠራው ዳግ ብራድበሪ፣ በአየርና በዘይት ፈንታ በቱቦው ውስጥ የጎሚኒ ድርድር አኖረ። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ሌሎችም በዚሁ መንገድ ሠሩ። ነገር ግን ጎሚኒው ሁለት ጠላት አለው። ፊተኛው ብርድ ነው፤ ከጉና ተራራ በታች ባለው ደጋችን ጧት ይደርቃል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይለዝባል። ሁለተኛው ርጥበትና ዕድሜ ነው፤ ብስክሌቱ ሳይነዳ ቢቆም እንኳ ጎሚኒው ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ እንደ ሙጫ ይቀልጣል። የሹካው ክዳን ተፈትቶ ዘንጉ ሲወጣ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ የታችኛው ቀልጦ ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ፣ የላይኛው እንደ ቀንድ ደርቆ ተገኘ።

መጀመሪያ የጠየቅነው ሠራተኛ፣ በረባሶ ከሚሠራበት የመኪና ጎማ ቈርጦ ቱቦውን ሞላው፤ ሹካው ግን ከቀድሞው ይልቅ ደነደነ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ድፍን ጎማ ሲጫኑት ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ መጠኑ አይቀንስም፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣም እንደ ብረት ይሆናል። የፋብሪካው ጎሚኒ ግን ብዙ ጊዜ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለበት ስለ ሆነ በራሱ ውስጥ ይጨመቃል።

ሁለተኛው ባለሙያ ይህን ዐውቆ፣ ቱቦውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ አደረቀ፤ የቀድሞውንም ድርድር ርዝመት ለካ። ከዚያም በእያንዳንዱ የሹካ እግር ውስጥ ለልጁ ክብደት የሚስማማ ሞላ ግራሶ ቀብቶ አስገባ፤ ከሥሩም ከቱቦው ስፋት የቀጠነ አጭር ጎሚኒ አኖረ፤ በመካከላቸውም ሮንዴላ አደረገ። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ክዳኑን አልዘጋም። «ጌታዬ፣ ሞላ እንደ ጎሚኒ በብርድ አይደርቅም፤ ጎሚኒው ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ይጠብቃል» አለን። ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ልጁ በዚያው ብስክሌት በሰዓቱ ደረሰ፤ ቁራሌው በደጅ ሲጣራም እናቱ አሮጌ ጣሳ ብቻ አወጣችለት።

እንግዲህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ፣ ልጅ ቍልቍለት ሳይወርድበት በፊት የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ተጫኑ። ሹካው ወርዶ በዝግታ ቢመለስ ደኅና ነው፤ ባይወርድ ወይም ወርዶ ቢቀር ይከፈት። ጎሚኒውን በቤንዚን አትጠቡት፤ ቤንዚን ጎማን ያበላሻልና። በሹካው ብረት ላይ ስንጥቅ ከታየ ግን ያ በጎሚኒ የሚድን አይደለምና ለልጅ አይሰጥ። ዕድሜ ያደከመውን መጠገን ቍጠባ ነው፤ የተሰነጠቀውን ማስነዳት ግን ቍጠባ አይባልም።