ከፋይናልሽ በፊት

ዓለም ጤና፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እናትሽ «ድምፅዋ አላማረኝም» እያለች ስትገላበጥ አደረች። ሚድ ላይ የምታውቂውን ጥያቄ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ እንዳበላሸሽው ስትነግሪኝ፣ የጎደለሽ እውቀት እንዳልሆነ ገባኝ። መፈተን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የራሱ ልማድ አለው። ልማዱ ደግሞ የሰው ሳይሆን የአንቺው ይሁን።

የዶርም ጓደኛሽ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብትቸክል አትቅኚባት። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ከራት በኋላ ዓይንሽ ይከደናል፤ ዶሮ ሲጮህ ግን ከሁላችን ቀድመሽ የምትነሺው አንቺ ነሽ። እንግዲያው ማታ ተኚ፣ ሃንድአውትሽን ንጋት ላይ ያዢ። ቀን ያጠናሽው አእምሮሽ ውስጥ የሚደላደለው ተኝተሽ ሳለ ነውና እንቅልፍን እንደ ብክነት አትቁጠሪው። ሽንኩርታችን ሊነቀል ሲቃረብ ሞተሩን አጥፍተን ውኃ እንደምናቆምበት ታውቂያለሽ። እስከ መጨረሻው የጠጣ ሽንኩርት ሲያዩት ያምራል እንጂ አይከርምም፤ ይበሰብሳል። አንቺም በፈተናው ዋዜማ አዲስ ምዕራፍ አትክፈቺ።

ማጥናት ማለት ደግሞ ሃንድአውት ላይ ማስመር አይደለም። እኛ የኔታ ዘንድ ስንማር የቃል ትምህርት የሚሰጠን በጨለማ ነበር። መጽሐፍ የለ፣ መብራት የለ፤ የያዝከውን በቃልህ ትወጣዋለህ፣ የሳትከውን የኔታ ያርሙሃል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ በኮሌጅ ተማሪዎች ሞክረውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ሲጽፉ የቆዩት በለጧቸው። የኔታ ቢሰሙ ይስቁ ነበር! ስለዚህ ደብተርሽን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ አውጪው። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችንም ሰዓት ይዘሽ ሥሪ፤ እጅ የሚረጋው እንዲህ ሲለምድ ነው።

መታወቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶና ካልኩሌተር ማታውኑ ቦርሳሽ ውስጥ ይግቡ። ጠዋት የለመድሽውን ቁርስ ብይ፤ ቡና የማትወጂ ልጅ ለፈተና ብለሽ ቡና አትጀምሪ። በር ላይ ቆመው «ይቺ ትመጣለች» ከሚሉት ራቂ፤ እነሱ የሚያካፍሉሽ ድንጋጤ ነው።

ወረቀቱ ሲሰጥሽ ለመጻፍ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሁሉንም ገረፍ ገረፍ አድርገሽ አንብቢ። ፎርሙላዎቹን ሳይጠፉብሽ ጥግ ላይ ጻፊያቸው፤ ከዚያ ከምታውቂው ጀምሪ። ፈተናው ከ50 የሚያዝና የሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ለአንድ ማርክ ሁለት ደቂቃ መድበሽ ለማረሚያ 20 ደቂቃ ይተርፍሻል። አንዱ ጥያቄ ከያዘሽ ምልክት አድርጊበትና እለፊው፤ ኩራትሽ አያስቀምጥሽ። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ እስክሪብቶውን አስቀምጪ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ሰዓት ይባክናል ብለሽ አትስጊ። ስትወጪ መልስ ማስተያየት የለም፤ ቀጣዩ ፈተና አለ።

በ2015 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከቤት ርቃችሁ፣ በማታውቁት ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደራችሁ ተፈተናችሁ። በዚያ ዓመት በአገሩ ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም፤ አንቺ ከእነሱ አንዷ ነበርሽ። ያንን የሠራ እጅ ነው አሁን የሚንቀጠቀጠው። ስትመረቂም የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል፤ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ልማዱን ዛሬ ከያዝሽ ያን ጊዜ ከዜሮ አትጀምሪም።

በዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው፤ እናትሽን እኔ አስረዳታለሁ። ፋይናል ሲያልቅ ሞጆ ላይ መኪና ቀይረሽ ነይ፤ ከመሸ ግን አዳማ እደሪና በነጋታው ተነሺ። የካልኩሌተርሽ ባትሪ እየደከመ ነው ብለሽኝ ስለነበር በቴሌብር ትንሽ ገንዘብ ልኬልሻለሁ፤ ዛሬውኑ ግዢ።

አባትሽ